እትዬ አስቴርን ያስፈራንበት ቅዳሜ

በዚህ ዓመት ቴክሳስ፣ ካሮልተን ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኛለሁ። በቅርቡ ርዕሰ መምህሯ ክፍሌ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ አዲስ አስተማሪ እንዲህ ይገመገማል። ለልጆቹ ታሪክ እያነበብኩላቸው ነበር። ድቡ የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ቀና አልኩና ዝም አልኩ። ገጹን አልገለጥኩም። የወንበር ሲጢጥታ እንኳን አልተሰማም። በኋላ፣ "እንዲህ መጠበቅ የት ተማርሽ?" አለችኝ። "የቀድሞ ሥራዬ ላይ" አልኳት። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት "አስተርጓሚ" የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ሙሉውን እዚህ ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ።

አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ላልገባ ግን እንዲህ ነው፦ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ወይም በሂንዲ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከስክሪኑ ጎን ይቀመጥና እግር በእግር እየተከተለ በአማርኛ ይተርከዋል። ሰዎቹ የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን የሚያስቡትን፣ አንዳንዴም ማሰብ የነበረባቸውን ይናገራል። እኛ ይህንኑ በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ስንሠራ ኖርን፤ ያውም በአስፈሪ ፊልም ብቻ፣ ያውም ብዙ ሰው ስማቸውን ሰምቶ በማያውቃቸው ፊልሞች።

"እኛ" የምለው ጋሽ መኮንንንና ራሴን ነው። ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው የቪዲዮ ቤት ተራኪ ነበሩ። እዚህ አገር ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ነገር ግን የፊልም ሰዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ ሲያጉረመርሙ መከተል ያቅታቸዋል። እኔ ሃይስኩል የጨረስኩት እዚህ ስለሆነ፣ ሥራዬ በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀምጬ የተባለውን በአጭር አማርኛ ሹክ ማለት ነበር። እኔ አጥንቱን አቀብላለሁ፣ እሳቸው ሥጋ ያለብሱታል። በር ላይ የምንሰበስበው ለአዳራሽ ኪራይና ለቤንዚን ይበቃ ነበር፤ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም።

የጀመርነው ቤድፎርድ፣ በጋሽ መኮንን የአክስት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ፣ ከፊቱ ሰው ከየቤቱ ያመጣው ታጣፊ ወንበር። ክረምቱን ጥሩ ነበር፤ ቴክሳስ በጋ ሲገባ ግን ጋራዡ ምድጃ ሆነ። ከዚያ ካሮልተን፣ የአንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ተሰጠን። ባለቤቱ ጥቂት ቅዳሜ ታገሰን። "ጋሽ መኮንን፣ ሰዉ ጥብሱን አዝዞ ሳይነካው ይወጣል። እኔ ምግብ ነው የምሸጠው፣ ድንጋጤ አይደለም" ብሎ አሰናበተን። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቦታ ጋርላንድ የሚገኘው አዳራሽ ነው፤ ሴቶች ጥፍር ከሚያሠሩበት ጥፍር ቤትና ከሸቀጥ ሱቁ ጀርባ፣ ጥግ ላይ አነስተኛ ኩሽና ያለው።

ለምን የማይታወቁ ፊልሞች? አንደኛ፣ የታወቀውን ሁሉም አይቶታል፤ የት ቦታ እንደሚጮህ ያወቀ ሰው አይደነግጥም። ሁለተኛ፣ የትንንሾቹ ፊልሞች ባለቤቶች ኢሜይል ስንጽፍላቸው ራሳቸው ይመልሳሉ፤ አንዱማ "እርግጠኛ ናችሁ የእኔን ነው የፈለጋችሁት?" ብሎ ከጠየቀን በኋላ ነው የፈቀደልን። ሦስተኛው የእኔ አስተያየት ነው፤ እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም። ገንዘብ ያለው ሰው ጭራቁን ያሳያል። ገንዘብ የሌለው ጭራቁን መሥራት ስለማይችል በሩን ያሳያል። የሚያስፈራው ደግሞ በሩ ነው።

ጋሽ መኮንን አንድን ፊልም ሦስት ጊዜ ያያሉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው፣ ቀጥሎ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ድምፁን ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም። ትረካ ሲጀምሩ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሲቁነጠነጡ ሶሉ እንዳይጮህባቸው። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፉ ደግሞ "ዝም" ማለታቸው ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ትምህርት ነበር። ያኔ ለማስተማር ፈቃድ እያጠናሁ ስለነበር ህሊና የሚለውን ስሜን ትተው "መምህርት" ይሉኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ሰውየው ወደ ኋላ የሚመለሰው ቁልፉን ስለረሳ ነው" እላለሁ በሹክሹክታ።

"መምህርት፣ አታስረጂ" ይላሉ ማይኩን በእጃቸው ሸፍነው። "ለምን እንደተመለሰ ካወቁ አብረውት አይመለሱም።"

የወደቅንበትን ቀንም ልንገራችሁ። አንድ ስለ ባለ ሥጋ ቤት የተሠራ ፊልም መረጥን። በፊልሙ ዓለም እንደ ጉድ የሚያደንቁት ሰዎች አሉት፣ ደሙ እንደ ጎርፍ ነው። ጋሽ መኮንን ተዘጋጁ፣ እኔም ቃል በቃል አጠናሁት። ሰውየው ቢላውን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ሟች ሲጠጋ፣ ግርማ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር፣ ደንበኛችን ነው፣ ከኋላ ረድፍ፣

"ኧረ ቢላው ደነዘ! ሞርድ የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?" አለ።

"ከመገጣጠሚያው ጀምር እንጂ!" አለው ሌላው።

"በዚህ አያያዙ ለፋሲካ ቢጠሩት በጉ ራሱ ያዝንበታል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ መኮንን ድምፃቸውን ቢያጠብቁ፣ ቢያለሰልሱ፣ ማንም አልሰማቸውም። በመኪናዬ ወደ ቤት መለስኳቸው። ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት እንዲህ አሉኝ፦ "የኛ ሰው ደም አያስፈራውም፤ በግ ሲታረድ እግር ይዞ ያደገ ነው። የኛን ሰው የሚያስፈራው ባዶ ቤት ውስጥ የሚጠራው ድምፅ ነው።"

እዚህ ላይ ላስረዳ። ጠሪው ሳይታይ ሲጠሩህ "አቤት" አትበል ተብሎ ያላደገ ሐበሻ ጥቂት ነው። አቤት ካልክ ሰጠኸው ይባላል፤ ምን እንደሰጠኸው ግን ማንም አይናገርም። ከዚያ ቀን በኋላ የፊልም አመራረጣችን ተለወጠ። ቢላና መጋዝ ቀረ። ድምፅ፣ በር፣ ኮሪደር፣ በቀን ብርሃን ባዶ የሆነ ወንበር ፈለግን። ሰዉም እየበዛ መጣ፤ ግርማም እየቀለደ ይገባና ዝም ብሎ ይወጣ ጀመር።

ወሬው ወደ እትዬ አስቴር የደረሰው እዚህ ላይ ነው።

እትዬ አስቴር የአዳራሹ ባለቤት ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ በየሰው ቤት አረጋውያን እየተንከባከቡ ባጠራቀሙት ነው የገዙት። ቅዳሜ ለእኛ፣ እሁድ ደግሞ ራሳቸው ለሚጸልዩበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ያከራዩታል። አንድ ቀን ወንበር ስንደረድር መጡ።

"መኮንን" አሉ፣ "እሁድ ጠዋት ስንጸልይ፣ ቅዳሜ የጮኸው ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቀናል ይሉኛል ሰዎቹ።"

"ምንም አይለጠፍም እትዬ። ፕሮጀክተሩን ሳጠፋው አብሮ ይጠፋል።"

"እሱን እኔ ልየው። ማለቴ፣ ሳላይ አልፈርድም። በሚመጣው ቅዳሜ እቀመጣለሁ። የልጅ ጨዋታ ከሆነ ቀጥሉ፤ ለሰዎቹም መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። እውነት የሚያስፈራ ነገር ከሆነ ግን ቁልፉን እዚያው ታስረክበኛለህ። ኦኬ?"

"ኦኬ" አሉ ጋሽ መኮንን።

እኔ እጄ ላይ የነበረውን ወንበር አስቀመጥኩት። ሌላ ቦታ አልነበረንም፤ የሞከርነው ሁሉ ወይ ኪራዩ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ወይ ባለቤቶቹ "አስፈሪ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ስልክ አያነሱም። ለእኔ የቅዳሜ ሥራ ነበር፤ ፈቃዴን ሳገኝ አስተምራለሁ። ለጋሽ መኮንን ግን ይህ ብቻ ነው ያለው። ኤርፖርት አውሮፕላኑ ሥር ሁሉም የጆሮ መከላከያ አድርጎ ነው የሚውለው። የእሳቸውን ድምፅ የሚሰማ ሰው የሚገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ስለዚህ መፍትሔ አመጣሁ። "ሶ፣ የጎማውን ዓሣ እናሳያቸው" አልኩ።

የጎማው ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ ዓሣ አጥማጆችን የሚያሳድድ፣ ዚፑ ከጀርባው የሚታይ ፍጡር ነው። ፊልሙን እወደዋለሁ። የሠሩት ሰዎች ደስ ብሏቸው እንደሠሩት ያስታውቃል፤ ዓሣው አንድ ቦታ ላይ አዳልጦት ሲወድቅ እንኳን ቆርጠው አላወጡትም። ግን እስከ ዛሬ ማንንም አላስፈራም።

ጋሽ መኮንን አዩኝ። "በራችን ላይ ምን ብለን ነው የለጠፍነው?"

"አስፈሪ ፊልም በአማርኛ።"

"ታዲያ?"

"ጋሼ፣ አዳራሹን እናጣለን!"

"ዓሣውን ካሳየናቸው የሚፈቅዱልን ዓሣውን ነው። በሳምንቱ የጓዳውን ፊልም ስናሳይ ምን ልንላቸው ነው? እትዬ አስቴር የጠየቁኝ እውነቱን ነው።"

"እውነቱን ሲያውቁ ግን ያስወጡናል።"

"ምናልባት አይፈሩም" አሉ። ይህን ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ቅር ያለው ሰው ነው የታየኝ።

የጓዳው የምንለው ፊልም በምዕራብ ቴክሳስ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ካሜራ፣ በአክስታቸው ቤት ውስጥ የሠሩት ነው። ካየኋቸው ያልታወቁ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው፤ ምክንያቴም ይኸው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀን ነው። ጨለማ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ጭራቅ የለም። አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ በአውሎ ነፋስ ሞታለች። ከኩሽናው ወለል ሥር፣ ለአውሎ ነፋስ መሸሸጊያ የተቆፈረ ጓዳ አለ፤ አባትየው ክዳኑን በምስማር መትቶታል። ከዚያ ጓዳ ውስጥ የእናትየው ድምፅ ትንንሽ ነገር ይጠይቃል። ፎጣ። መቀስ። ጨው። አባትየው ለልጅቷ የሚነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አትመልሺ።

በእንግሊዝኛው ድምፁ ልጅቷን በስሟ ነው የሚጠራት። ጋሽ መኮንን ስሙን አወጡት። "ስም ከጠራን የእሷ ጣጣ ይሆናል" አሉ። "'አንቺ ልጅ' ካልን የሁሉም ነው።" ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ያንን ጥሪ ተለማመዱት። መጀመሪያ ድምፃቸውን አጎረነኑት፤ መንፈስ መንፈስ አለ። ቀጥሎ አስለቀሱት፤ ለቀስተኛ ሆነ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ድንገት፣ "አንቺ ልጅ! ጨው አቀብይኝ እስቲ" አሉ፣ ትንሽ ተናደድ ብለው። ሳላስበው ወደ ባዶው የኋላ ወንበር ዞርኩ።

"አገኘሁት" አሉ። "እናት ስትጠራሽ አታለቃቅስም። ወጡ ሊያርርባት ነው፤ ትቸኩላለች።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንን። እትዬ አስቴር ፊት ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። ጋሽ መኮንን ጫማቸውን አወለቁ። እኔ በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ እትዬ አስቴር እያወሩ ነበር። "ወይ ጉድ፣ ይቺን ልጅ ጠጉሯን የሚያበጥርላት የለም?" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ፎጣው ሲጠየቅ፣ "ይሄ ምን ያስፈራል፣ ፎጣ ነው እኮ የጠየቀችው" አሉ፣ ግን ቀስ ብለው። መቀሱ ሲጠየቅ ምንም አላሉም። ጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ውሃ ስትሰጣቸው ሳያዩ ተቀበሉና ሳይጠጡ ያዙት።

ጨው ጋ ደረስን። አባትየው ሳሎን ተኝቷል። ልጅቷ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ሰሐን ታጥባለች። የሚሰማው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ፤ ልጅቷ ቧንቧውን ለምን እንደምትዘጋው የሚያስረዳ። ጋሽ መኮንን መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ዓረፍተ ነገሬን ዋጥኩት።

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች።

ጋሽ መኮንን ማይኩን ከአፋቸው ትንሽ አራቁ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ድምፁ ከጎን እንዲመጣ።

"አንቺ ልጅ!"

የልጅቷ እጅ ቆመ። ከኋላ ረድፍ ሳል እንኳን የለም።

"አንቺ ልጅ! ጨው አቀብይኝ እስቲ!"

"አቤት!"

የልጅቷ ከንፈር አልተከፈተም። ጋሽ መኮንንም አልተናገሩም። ድምፁ የመጣው ከፊት ረድፍ ነው።

አቤት ታስቦ የሚወጣ ቃል አይደለም። እናት በዚያ ድምፅ ከጠራች አፍ ብቻውን ይመልሳል። ማንም አልሳቀም። ግርማን አየሁት፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀርቷል። እትዬ አስቴር ወደ እኛ አልዞሩም፣ ወደ ስክሪኑም አላዩም። ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ አዳራሹ ኩሽና መለሱ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሡ። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው በመተላለፊያው ሄዱ። የውጭውን በር ሲከፍቱት ፀሐዩ ገብቶ ስክሪኑን አነጣው፤ ልጅቷ ጠፋች። በሩ ሲዘጋ ተመልሳ መጣች።

ጋሽ መኮንን የሚያቆሙ መስሎኝ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እስከ መጨረሻው ተረኩት።

ሰዉ ሳይጫወት ተበተነ። ስንወጣ እትዬ አስቴር ፓርክ ያደረጉት መኪና ውስጥ ናቸው፤ በሩ ክፍት፣ አንድ እግራቸው አስፋልቱ ላይ። ጋሽ መኮንን ሳይጠየቁ ቁልፉን ዘረጉላቸው። እሳቸውም ተቀበሉ።

"ያን ድምፅ ከየት አመጣኸው?"

"ከእናቴ፣ እትዬ።"

"የኔ እናት ናት!" አሉ በቁጣ። "ጓዳ ሆና እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። ጨውም ነበር የምትለኝ።"

"ሁሉም እናት ጨው ትላለች።"

እትዬ አስቴር ቁልፉን በጣታቸው አገላበጡት። "ቀልድ ቢሆን ኖሮ እተውላችሁ ነበር። አንተም ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ነገር ግን እኔ በምጸልይበት ቤት አይጠራም።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ያስቅሃል ታዲያ?"

እውነትም ጋሽ መኮንን ፈገግታቸውን ለመያዝ እየታገሉ ነበር። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማይክ ከያዝኩ ጀምሮ ስንቱን ጠርቻለሁ። እስከ ዛሬ የመለሰልኝ ሰው የለም።"

"አንተ ሰውዬ!" አሉና የጋሽ መኮንንን ክንድ በቦርሳቸው መቱ። ከዚያ ግን በሩን አልዘጉትም። ሞተርም አላስነሡም። "ልጅቷስ?" አሉ በመጨረሻ። "መለሰችላት?"

ጋሽ መኮንን እኔን አዩኝ። እንዳላስረዳ ነው። እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ማይክና ያለ ስክሪን ተረኩላቸው። ልጅቷ አልመለሰችም። እንደ ፎጣውና እንደ መቀሱ ጨዉንም ክዳኑ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ጠዋት ጨዉ የለም። ምስማሩን ነቅላ፣ ክዳኑን አንስታ ወረደች። ጓዳው ውስጥ ሰው የለም። መደርደሪያው ላይ ፎጣው ታጥፏል፣ መቀሱ ተሰቅሏል፣ ጨዉ ተከድኗል፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ልጅቷ እፎይ ብላ ልትወጣ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች።

ጋሽ መኮንን ዝም አሉ። በጥፍር ቤቱ በኩል አንድ መኪና አለፈ። እትዬ አስቴር የመኪናቸውን በር እጀታ ጨበጡ።

"ያኔ" አሉ ጋሽ መኮንን፣ "ከላይ፣ ከኩሽናው፣ እናቷ ጠራቻት።"

"እህስ?"

"ያኔ ነው የመለሰችው።"

እትዬ አስቴር እግራቸውን ከአስፋልቱ አንስተው መኪናው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ህሊና፣ ከኋላዬ ተከተዪኝ። ቤቴ ድረስ።"

ቤታቸው እዚያው ጋርላንድ፣ ቅርብ ነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር፤ ጎረቤታቸው ሣር ያጭዳል። በሩን ከፈቱና ደፉ ላይ ቆመው፣ "ቀድመሽ ግቢ" አሉኝ።

ገባሁ። ሳሎኑን አየሁ፤ መኝታ ቤቶቹን፣ ቁም ሳጥኖቹን ከፈትኩ። ኩሽና ገባሁ።

"ጓዳውንም!" አሉ ከውጭ።

የጓዳውን በር ከፍቼ መብራቱን አበራሁ። ጤፍ፣ ዘይት፣ ምስር፣ የታሸገ ቲማቲም።

"ምንም የለም፣ እትዬ!"

"በደንብ እይ።"

ተንበረከክሁና፣ እኔም ጆሮዬን ወደ ኩሽናው እየጣልኩ፣ የታችኛውን መደርደሪያ አየሁ።